መርዶውን ያቋረጠ ስልክ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ። እሳቸው ፊት ቀርቤ ሐሜቴን፣ ስካሬን፣ የገደፍሁትን ጾም ሁሉ ዘክዝኬያለሁ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ምላሴ ይተሳሰራል። «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ይኸው ነው አባቴ» እላለሁ። ተንበርክኬ እዋሻለሁ፣ መስቀል ስሜ እወጣለሁ። ዛሬ እናንተ በእሳቸው ቦታ ተቀመጡልኝ። ፍቱኝ አላልሁም። ስሙኝ ብቻ።

ሙት ለእናቱ እንዲደውል ያደረግሁ እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፤ በጤናዬ፣ እያወቅሁ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ነገርን ከሥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ስሜ ምንይችል ነው፤ የሞጣ ልጅ ነኝ። ጓደኛዬ ይበልጣል የቢቸና ልጅ ነበር። ዩኒቨርሲቲ አንድ ዶርም አድረን፣ ከአንድ ሳህን በልተን፣ ስንመረቅ ሞጣ ላይ ከአንድ ሐጂ ጨርቅ ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተን ሶፍትዌር መሥራት ጀመርን። ሰው «እነዚህ ልጆች ቀኑን ሙሉ ተዘግተው ምን ይሠራሉ?» ይል ነበር። የምንሠራው እንዲህ ነው። ዴቨሎፐር፣ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ማለት ነው፣ በየቀኑ የሚደጋግመው አሰልቺ ሥራ አለ፤ ኮድ በተለወጠ ቁጥር መፈተሽ፣ መጫን፣ የተበላሸ ሲኖር ለባልደረባ ማሳወቅ። ይህን ለማሽን የሚያስረክቡበት መሣሪያ አለ። «ይህ ሲሆን ያንን አድርግ፤ ያ ካልሆነ ደግሞ ይኸኛውን» እያልህ እንደ ሰንሰለት ትቀጣጥለዋለህ፤ አንዱ ቀለበት ሌላውን ይጎትታል፤ አንተ ሌላ ሥራህን ትሠራለህ። መሣሪያው ኦፕን ሶርስ ነው፤ ኮዱ ለዓለም ሁሉ ክፍት፣ የፈለገ የሚያነበው፣ የቻለ የሚያሻሽለው። እኛም ሞጣ ቁጭ ብለን ከሚያሻሽሉት መካከል ነበርን።

እኔ ምን እንደጨመርሁበት ልንገራችሁ፤ ኋላ ያስፈልጋችኋል። መብራት በጠፋ ጊዜ መሣሪያው በሰዓቱ ሊሠራው የነበረውን ሥራ ይረሳው ነበር። የመብራት ነገር ደግሞ በእኛ አገር ይታወቃል። እናም መብራት እንደተመለሰ ያመለጠውን አስታውሶ ወዲያው እንዲፈጽም የሚያደርግ ኮድ ጻፍሁ። መሣሪያውን የሚመሩት ሰዎች ተቀበሉኝ። አይቻቸው የማላውቅ ሰዎች ከየአገሩ አመሰገኑኝ። ደረቴን ነፍቼ ሞጣን ዞርኋት። ይበልጣል «አንተዬ፣ የማይረሳ ማሽን ሠራህ እኮ» ብሎ ሳቀብኝ።

ይበልጣል ለእናቱ አንድ ነው። አባቱ የሞቱት ገና ድክ ድክ ሲል ነው። እናቱን እማማ ጠጄን ቢቸና ትቶ ሲመጣ «እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውላለሁ» ብሎ ቃል ገብቶላቸው ነበር፤ ሥራ ሲበዛበት ግን አንዱን እሑድ ደውሎ የሚቀጥለውን ይዘነጋል። እሳቸውም በወንድማቸው በጋሽ ዘለቀ በኩል «ልጄ ምነው ጨከነብኝ?» እያሉ ይልኩበታል። ጋሽ ዘለቀ ሞጣ ገበያ ላይ እህል ነጋዴ ናቸው፤ መልእክት ሲያደርሱ ቁጣ ጨምረውበት ነው። አንድ ቀን እንዲሁ ተቆጥተውት ሲሄዱ፣ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ሳየው፣ «ምን ያስጨንቅሃል፣ አውቶሜት አድርገዋ፣ ማሽኑ ይደውልልህ!» አልሁት። ቀልዴን ነበር። ግን ያልሁት እኔ ነኝ፤ እሱ አላሰበውም።

መጀመሪያ አፈረ። ኋላ «ለጊዜው ነው፣ ሥራው እስኪቀል» አለና ድምፁን ቀዳ፤ ለክረምት የሚሆን፣ ለጾም የሚሆን፣ ለመስቀል፣ ለፋሲካ። እኔ ሲም ካርድ የሚወስድ ሞደም ከማሽኑ ጋር ገጠምሁለት፤ እሱም ከሁለት ሲሞቹ አንዱን ከተተበት። እሑድ ረፋዱ ላይ ማሽኑ ይደውላል። «እምዬ፣ እንዴት አደርሽ? እኔ ደህና ነኝ» ይላል። እሳቸው ሲናገሩ ዝም ይላል፣ ዝም ሲሉ ይቀጥላል። «እሺ እምዬ።» «ውይ! ከዚያስ?» «አይዞሽ፣ በርቺ።» ይኸው ነው። እማማ ጠጄ የሚይዙት የሚጨብጡት አጡ። «ድሮ እኮ ወሬዬን ታቋርጠኝ ነበር፤ አሁን ትሰማኛለህ፣ ጨዋ ሆንህልኝ ልጄ» አሉት። ክፍላችን ቁጭ ብለን በድምፅ ማጉያ ስንሰማቸው እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ። ይበልጣል ተነሥቶ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በሥራ ቀን ራሱ መደወል አበዛ፤ ማሽኑን ግን አላጠፋውም።

ከዚያ ታመመ። ሆዴን አለ፣ ሐኪም ቤት ገባ፣ በእግሩ አልወጣም። በዚያ ሰሞን መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ ቢቸና ቀርቶ ደብረ ወርቅ የሚደርስ መኪና አልነበረም። አስከሬኑን ወደ አገሩ መውሰድ የማይታሰብ ሆነና ጋሽ ዘለቀ የእህታቸውን ልጅ ሞጣ ቀበሩት። አፈሩን መጀመሪያ የመለሱበት እሳቸው ናቸው። ከቀብር መልስ ሰበሰቡንና «መርዶ በስልክ አይነገርም» አሉ። «እህቴ ብቻዋን ተቀምጣ ይህን ብትሰማ አብዳ ነው የምትቀረው። መንገድ ሲከፈት ሽማግሌ ይዘን፣ ቄስ ይዘን፣ ማልደን ገብተን እንደ ወጉ እንነግራታለን። እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል!» ከዚያ ወደ እኔ ዘወር ብለው «ስልኩ ሲጠፋባትስ አትጠረጥርም?» አሉኝ።

«እሱን ለእኔ ይተዉት ጋሼ» አልሁ።

ምን እንደማደርግ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኋቸው። ስለ ማሽኑ ከእኔና ከይበልጣል በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አሁን እኔ ብቻ ቀረሁ።

የመጀመሪያው እሑድ ልብሱን ሻንጣ ውስጥ ልከት ክፍላችን ገባሁ። አልጋው እንደተነሣበት ነው። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታለች፣ ከፊት ለፊት ሐጂ ከደንበኛ ጋር በጋቢ ዋጋ ይከራከራሉ። የሞደሙ መብራት ብልጭ አለ። ስልኩ መጥራት ጀመረ። «እምዬ፣ እንዴት አደርሽ? እኔ ደህና ነኝ።» ከባዶው አልጋ አጠገብ። የገጠምሁት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደሚሠራ አውቃለሁ። ያንን ድምፅ ሲቀዳ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቆሎ እቆረጥም ነበር፤ በደንብ ላዳመጠው የቆሎዬ ድምፅ ከኋላ ይሰማል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ዞሬ አልጋውን አየሁ። ሽቦውን ልነቅል እጄን ዘረጋሁ። በዚያኛው ጫፍ እማማ ጠጄ የጎረቤት በግ ጎመናቸውን እንደበላ ይነግሩታል፤ ደግሞም ይስቃሉ። እጄን መለስሁ።

መንገድ እስኪከፈት ነው ብዬ ራሴን ሸነገልሁት። እሑድ እሑድ ግን ክፍሉ ውስጥ መገኘት ተውሁ።

መንገዱ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ተከፈተ። ልንሄድ በተዘጋጀንበት ሳምንት ሞጣ ውስጥ መብራት አልነበረም፤ እሑዱም ሳይደወል አለፈ። ሰኞ ስንነሣ «ማሽኑን ነቅለኸው ሂድ» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። «ኤዲያ! መብራት የለ፣ ምን ሊሠራ!» ብዬ በሩን ቆልፌ ወጣሁ። ረሳሁት ልበላችሁ? አልረሳሁትም። ያንን ሽቦ በእጄ መንቀል ይበልጣልን እንደገና መቅበር መስሎ ታየኝና ፈራሁ፤ ሥራዬን ለመብራት መጥፋት ተውሁት። ያመለጠውን የሚያስታውሰውን ኮድ የጻፈው ማን ሆነና?

ቢቸና ዘመድ ቤት አድረን ጎሕ ሲቀድ ተነሣን። ጋሽ ዘለቀ፣ አንድ ቄስ፣ ሁለት ሽማግሌዎችና እኔ። እማማ ጠጄ በሩን ከፍተው ወንድማቸውን ከነቄሱ ሲያዩ ወዲያው ገባቸው። በዚያ ሰዓት፣ እንዲያ ሆኖ የሚመጣ እንግዳ ምን ይዞ እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። ሁለቱም እጆቻቸው ወደ ራሳቸው ወጡ።

«ማነው?» አሉ። «ዘለቀ፣ ማነው?»

«ጠጄ፣ በርቺ እህቴ። የሰጠ እሱ፣ የነሣም...»

«ማነው አልሁህ!»

«ይበልጣል አርፏል።»

አፋቸው ተከፈተ፣ ነጠላቸው ከትከሻቸው ወደቀ። ጩኸቱ ገና ከደረታቸው ሳይወጣ ከመቀነታቸው ውስጥ ስልኩ ጠራ።

ሞጣ ላይ መብራት መጥቶ ነበር።

ለልጃቸው ቁጥር ለብቻው የተለየ ጥሪ አለው፤ ማንበብ ስለማይችሉ እሱ ነው ያበጀላቸው። ተርበትብተው አነሡት። ጆሮአቸው ስለሚከብድ ስልኩ ሁልጊዜ ድምፁ እንደተለቀቀ ነው። «እምዬ፣ እንዴት አደርሽ? እኔ ደህና ነኝ።» ቤቱን ሞላው። ቄሱ አማተቡ። ጋሽ ዘለቀ፣ በገዛ እጃቸው አፈር ያለበሱት ጋሽ ዘለቀ፣ ግድግዳውን ተደግፈው ቁልቁል ተንሸራተቱና መሬት ላይ ተቀመጡ። እማማ ጠጄ እልልታውን አቀለጡት።

«ይቤ! ልጄ! ሞተ አሉኝ እኮ! እነዚህ ሞተ አሉኝ!»

ማሽኑ ዝም እስኪሉ ጠበቀ። «ውይ! ከዚያስ?» አለ።

እሳቸው ግን እየሳቁ እያለቀሱ ወደ እኔ ዞሩ። «ምኔ፣ አብረኸው የምታድረው አንተ ነህ። እነዚህን ተዋቸው። አንተ ንገረኝ፤ ልጄ ሞቷል?»

ሁሉም አዩኝ። «ማሽን ነው እማማ፣ ሳልነቅለው የተውሁት እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር። እዚያው ያለቅሳሉ፣ እዚያው እንደ እናት ይጮኻሉ፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ደረት ይደቃል፤ የልጃቸውን ሐዘን እንደ ሰው ያዝናሉ። እኔ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የሞተ ጓደኛዬን ድምፅ ያጫወትሁ እርጉም እሆናለሁ። የመዘንሁት ይህንን ነው። የእሳቸውን እንባ ከእኔ እፍረት ጋር መዝኜ እፍረቴ ከበደኝ።

«ይኸው እየሰሙት አይደል እንዴ፣ እማማ?» አልሁ።

ይህን ነው ለንስሐ አባቴ ያልነገርሁት። ማሽኑን መግጠሜን አይደለም፣ ሽቦውን አለመንቀሌም አይደለም። ይህቺን ቃል ነው። ሞቷል አላልሁም፣ አልሞተም አላልሁም። ውሸት እንኳ በወጉ አልዋሸሁም። ከዚህ የከፋ ፈሪ አይታችኋል?

«ውጡልኝ!» አሉ እማማ ጠጄ። «ልጄን በቁሙ ልታስለቅሱኝ! ውጡ ከቤቴ!» የመርዶ ሰው ተባርሮ ሲወጣ ያኔ ነው ያየሁት። በር ላይ ቄሱ «የሰይጣን ፈተና ነው፣ ዝም በሉ» እያሉ ጸበል ረጩን። ሞጣ ደርሰን ከመኪና ስንወርድ ጋሽ ዘለቀ ክንዴን ያዙኝ።

«ምንይችል፣ ልጁ እውነት ሞቶ ነበር?»

«ሞቶ ነበር ጋሼ።»

«ትንፋሹን አይተሃል? በእጅህ ዳስሰኸዋል?»

«ዳስሼዋለሁ።»

«ታዲያ የሰማነው ምንድን ነው?»

«እንጃ ጋሼ» አልሁ። ይኸው ሌላኛዋ ቃል።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ ጋሽ ዘለቀን የይበልጣል መቃብር ላይ አየኋቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ባርኔጣቸውን ጎን አድርገው፣ ጆሮአቸውን አፈሩ ላይ ለጥፈው ተኝተዋል። መጀመሪያ የሚጸልዩ መሰለኝ። ኋላ ነው የገባኝ። ከነነፍሱ ቀብሬው ይሆን ብለው ነው የሚያዳምጡት። ያ ገበያውን የሚያንቀጠቅጥ ሰው! ሄጄ ብብታቸውን ይዤ አነሣኋቸው፣ አፈሩን ከጉንጫቸው ጠረግሁላቸው። አሁንም አልተናገርሁም። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ያደርጉታል።

ቢቸናም ወሬው ተዳረሰ። እማማ ጠጄ ጥቁር አልለበሱም፣ ፀጉራቸውን አልተላጩም፣ ተዝካርም አላወጡም። አገሩ ሁሉ ልጃቸው ሞጣ ተቀብሮ እንደተኛ ያውቃል፤ እሑድ ረፋድ በዚያ ቤት አጠገብ የሚያልፍ ሰው ደግሞ የሟቹን ድምፅ ይሰማል። «ሳያለቅሱለት የቀረ ሙት ቤቱ ይመላለሳል» ተባለ። ጎረቤት እሳት መጫር ተወ። ማኅበርተኞቻቸው አንድ በአንድ ራቁ። ይህን የነገረኝ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እሳቸው ራሳቸው ናቸው። እሑድ እሑድ ወደ ክፍሉ መመለስ ጀምሬ ነበርና ለልጃቸው ሲነግሩት ከማሽኑ ሰማሁ። «ሰው ሸሸኝ፣ ይቤ። ምን አድርጌ እንደሆነ እንጃ።» ማሽኑም «አይዞሽ፣ በርቺ» አላቸው።

ለምን አላጠፋሁትም? አሁን ከጠፋ ይሞትባቸዋል፣ የሚያለቅስላቸውም ሰው የለም፣ ሰውን አባርሬባቸዋለሁ እል ነበር። ይህም ሰበብ ነው። እውነቱን ከፈለጋችሁ እኔም የይበልጣልን ድምፅ ለምጄዋለሁ። ይባስ ብዬ ከሰንሰለቱ አናት ላይ የእናትና የልጁን ስም ፍቄ፣ «የእናት ሰላምታ» ብዬ ሰይሜ፣ እንደ ሥራችን ወግ ለዓለም ዴቨሎፐሮች ሁሉ በነጻ ለቀቅሁት። ወሰዱት። «ለእናቴ ገጠምሁላት፣ ተባረክ» እያሉ የሚጽፉልኝ አሉ። ኮዴ ለዓለም ክፍት ነው። እኔ ብቻ ነኝ የተዘጋሁት።

አንድ እሑድ ገበያ መሃል ቆሜ የራሴ ስልክ ጠራ። ቁጥሩ የይበልጣል ነው። ማሽኑ ለእኔ ደውሎልኝ አያውቅም። ሰው በሰው ላይ ይረማመዳል፣ አህያ ይነዳል፣ እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ደርቄ ቀረሁ።

«ምኔ፣ እኔ ነኝ። እምዬ ስልክ ማንሣት ትታለች። ሥራህን ተወውና ሂድ፣ እያት። አደራህን።»

ይህን ሲቀዳ አልነበርሁም። ሮጬ ክፍሉ ገባሁና ሰንሰለቱን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው ቀለበት አነበብሁት። እዚያው ነበር፤ በግልጽ የተጻፈ፣ ማንም ሊያነበው የሚችል። እናቱ በተከታታይ ካላነሡ ለእኔ እንዲደወል ነው ያዘዘው። እኔ ሰንሰለቱን ስለቅቅ እንኳ እስከዚያ ዝቅ ብዬ አላየሁትም። ለካ እሱ እናቱን ለማሽን አልሰጣቸውም፤ አደራ የሰጠው ለእኔ ነው።

በነጋታው ቢቸና ደረስሁ። እማማ ጠጄ መደቡ ላይ ተኝተዋል፤ አጥንት ብቻ ሆነዋል። አንዲት የሩቅ ዘመድ ውሃ ታቀርብላቸዋለች። ስልኩ ራስጌያቸው ተቀምጧል።

«ስልኩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አሉኝ ገና ሳልጠይቃቸው። «ታምሜአለሁ አልሁት፤ እሺ እምዬ አለኝ። ልሞት ነው ልጄ፣ መጥተህ እየኝ አልሁት፤ ውይ፣ ከዚያስ አለኝ። ምኔ፣ ልጄ እንዲህ ነበር? የእናቱን ሞት ሰምቶ ከዚያስ የሚል ልጅ ነው የወለድሁ?»

«መንገድ ተዘግቶበት ነው እማማ።»

ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። «አንተ ታዲያ በየት መጣህ?»

መደቡ አጠገብ ተንበረከክሁ። አሁን እናገራለሁ፣ አሁን እናገራለሁ እያልሁ እጃቸውን ያዝሁ። እሳቸው ግን ዝምታዬን ሌላ ነገር አድርገው ወሰዱት፤ ጓደኛው ስለ ጓደኛው ያፈረ መሰላቸው።

«ተው አትሳቀቅ» አሉኝ። «ቀባሪ አሳጣኋት ብሎ ኋላ እንዳይቆጨው። ይቅር ብየዋለሁ በለው። እናትህ አልተቀየመችህም በለው።»

«እሺ» አልሁ። ልክ እንደ ማሽኑ።

ሳምንት ሳይሞላ አረፉ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እኔ በቀብራቸው ላይ አንዲት ጠብታ አልወጣልኝም። ጋሽ ዘለቀ ለእህታቸው ሲያለቅሱ በመካከል ዝም እያሉ ያዳምጡ ነበር፤ ከእህታቸው መቀነት ስልክ የሚጠራ መስሏቸው ነው።

እማማ ጠጄ በልጃቸው አዝነው ሰነበቱ፣ በደል የሌለበትን ልጅ ይቅር ብለው ሞቱ። ያ ይቅርታ ለበደለኛው ነበር የሚገባው፤ ግን በስሜ አልወጣም። እኔ የተሰጠኝ እንዳደርሰው ነው። መቃብሩ ላይ ቆሜ «ይቅር ብለውሃል» ብዬ ልነግረው ሄጄ ነበር። ምን ስላደረግሁ ቢለኝስ? ተመለስሁ። ስለዚህ እናንተንም ይቅርታ አልጠይቃችሁም። የሰው ይቅርታ እጄ ላይ ይዤ ሌላ ለመለመን ፊት የለኝም።

ማሽኑ አሁንም ይሠራል። እሑድ እሑድ ወደ ተዘጋው ስልክ ይደውላል፣ የሚያነሣ ሲያጣ ወደ እኔ ይዞራል። «እምዬ ስልክ ማንሣት ትታለች። ሂድ፣ እያት። አደራህን።» መሞታቸውን የሚነግረው የለም።

ነገ እሑድ ነው። ማልጄ ማሽኑን ከነሞደሙ በብብቴ ይዤ ጋሽ ዘለቀ ቤት እሄዳለሁ፤ ፊታቸው እሰካዋለሁ። ሽማግሌ አላስከትልም፣ ቄስም አልይዝም። ልጁን ሞቶ እንደቀበሩት፣ ያን ቀን የሰሙትን ያሰማኋቸው እኔ እንደሆንሁ ነግሬ ከዚያ አፈር ላይ ጆሮአቸውን አነሣለሁ። ቢረግሙኝም ቢመቱኝም የእሳቸው ጉዳይ ነው። በመካከል ስልኬ ቢጠራ ተናግሬ እስክጨርስ አላነሣውም።